በሣራማ ሜዳ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጡ ቤተሰቦች የተዘጋጀ መመሪያ

ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የነዳ ሰው፣ ስታርባክ ከምትባል ትንሽ ከተማ በስተደቡብ፣ ግሌሻል ሌክስ ከተባለው ስቴት ፓርክ ይደርሳል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1963 ነው። ኮረብታዎቹን የሠራው በጥንት ዘመን ምድሩን ሸፍኖት የነበረው የበረዶ ግግር ሲሆን፣ ሲቀልጥ ተሸክሞት የመጣውን ጠጠርና አሸዋ እዚያው እየጣለ አልፏል። በመካከላቸው ያለው 56 ኤከር የሚሆን ሐይቅ ሙሉ በሙሉ በፓርኩ ክልል ውስጥ ይገኛል። በሐይቁ ዳርና በሸለቆው የኦክ ዛፎች አሉ፤ ከዚያ ውጪ ያለው ኮረብታ ግን ሣር ነው። ሚኒሶታ በአንድ ወቅት 18 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን ፕሬሪ የሚባል እንዲህ ያለ ሣራማ ሜዳ ነበራት፤ ዛሬ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። መንዝ ጓሳን ያየ ሰው እዚህ ኮረብታ ላይ ቆሞ ነፋሱ ሣሩን እንደ ውኃ ሲያወዛውዘው ሲመለከት፣ አገሩን ማስታወሱ አይቀርም።

ይህ መመሪያ በመንትዮቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ እንዲሁም በአካባቢያቸው ለሚኖሩ፣ ከልጆቻቸው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ ለማደር ለሚያስቡ ወገኖች የተጻፈ ነው። ስለ ካምፒንግ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ጫካ ውስጥ ለሚያድር ሰው የታሰበ ነው። ሣራማ ሜዳ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ነፋሱን የሚሰብር፣ ፀሐዩን የሚጋርድ፣ መብረቁን ከሰው ላይ የሚያስቀር ነገር የለውም። ስለዚህ ከቦታ ምርጫ ጀምሮ እስከ ቡና ማፍላት ድረስ እያንዳንዱን ነገር ነፋሱን አስቦ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ሰዓቶች ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቦታ መያዝ

በሚኒሶታ ስቴት ፓርኮች የማደሪያ ቦታ ከ120 ቀን በፊት ጀምሮ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ማስያዝ ይቻላል። ለሜሞሪያል ዴይ፣ ለጁላይ 4 እና ለሌበር ዴይ ቅዳሜና እሁዶች ቦታ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ቆጥሮ ምዝገባው በሚከፈትበት ዕለት ማለዳ መሞከር አለበት፤ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ላሉት ሌሊቶች ግን ይህን ያህል መጣደፍ አያስፈልግም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ የምመክረው እሁድ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ሰኞ መውጣትን ነው። ግቢው ጸጥ ይላል፤ ስሕተት ቢፈጠርም የሚጨናነቅ ሰው አይኖርም።

አንድ የማደሪያ ቦታ በተለምዶ ለስድስት ሰው የተወሰነ ነው። እኛ ደግሞ ስንወጣ ሦስትና አራት ቤተሰብ ሆነን መውጣት እንወዳለንና፣ ጎን ለጎን የሆኑ ቦታዎችን ቀድሞ መያዝ ወይም ለቡድን የተዘጋጀውን ሰፊ ቦታ መጠየቅ ይገባል። ከማደሪያው ክፍያ ሌላ ለእያንዳንዱ መኪና የመግቢያ ፈቃድ ይከፈላል፤ ፈቃዱ የአንድ ቀንም፣ የዓመትም አለ። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ለሚወጣ ቤተሰብ የዓመቱ ያዋጣል። አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም የሰባት ቀን ፈቃድ እንደ መጽሐፍ ያውሳሉና፣ በሰፈርዎ ያለውን መጠየቅ አይከፋም።

ካርታው ላይ ቦታ ሲመርጡ በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ በኩል ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ያለውን ያስቀድሙ፤ ብርቱው ነፋስና ማዕበሉ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ጎድጓዳ ቦታ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ያቁራል። ውኃው ዳር ያለው ደግሞ ለዓይን ቢያምርም በሰኔና በሐምሌ ምሽት ትንኝ ይበዛበታል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ከመጸዳጃው እጅግ አይራቁ፤ ሌሊት ደጋግሞ ተነሥቶ በጨለማ ሕፃን አዝሎ መሄድ ደስታውን ሁሉ ያጠፋል።

ዕቃ ሳይገዛ መሞከር ለሚፈልግ ሰው የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለጀማሪዎች ያዘጋጀው ፕሮግራም አለ፤ ድንኳኑን፣ ፍራሹንና ምድጃውን ያቀርባል፤ አተካከሉንም የሚያስተምር ሰው ይመድባል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስለማያውቁ በሁለት መቶና በሦስት መቶ ዶላር ዕቃ ገዝተው አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅመውበት ጋራዥ ውስጥ ይቀራል።

2. ዕቃ ማዘጋጀት

ድንኳን ሲገዙ ከፍ ብሎ እንደ ቤት የቆመውን ሳይሆን ዝቅ ብሎ ጉልላት የሚመስለውን ይምረጡ፤ ከፍ ያለው በነፋስ ጊዜ እንደ ሸራ ይነፋል። የዝናብ መከላከያው ከላይ ቆብ ብቻ ሳይሆን እስከ መሬት የሚወርድ መሆን አለበት። "ለስድስት ሰው" ተብሎ የተጻፈበት ድንኳን ለአራት ሰውና ለሻንጣቸው የሚበቃ እንደሆነ ይቁጠሩ። ከድንኳኑ ጋር የሚመጡት ቀጫጭን ካስማዎች ለጓሮ ካልሆነ ለፕሬሪ አይሆኑም፤ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው የብረት ካስማዎችና መዶሻ ለብቻ ይግዙ። ከመሄድዎ በፊትም ድንኳኑን ቢያንስ አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ወይም በሰፈር መናፈሻ ተክለው ይዩት።

ቀን ላይ ያላበ ሰው ሌሊት ይበርደዋል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ሆኖም ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱ ከሜዳው በፍጥነት ስለሚወጣ፣ በሐምሌም ቢሆን ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊወርድ ይችላል፤ በግንቦትና በመስከረም ደግሞ እስከ ውርጭ ይደርሳል። ብርዱ የሚመጣው በይበልጥ ከታች፣ ከመሬቱ ነው። አየር ብቻ የተሞላ ፍራሽ በውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ በቂ አይደለም፤ ከላዩ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የስፖንጅ ምንጣፍ መነጠፍ አለበት። የመኝታ ከረጢት ላይ የሚጻፈው የሙቀት ቁጥር ብዙ ጊዜ ሰው እንደምንም ሊያድርበት የሚችለውን እንጂ ተመችቶት የሚተኛበትን አያመለክትም፤ ስለዚህ ከሚጠበቀው ቅዝቃዜ ቢያንስ በአምስት ዲግሪ ዝቅ ያለውን ይውሰዱ። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ጋቢ የሚያህል ነገር የለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጋቢ ይያዙ።

የቀረውን በአጭሩ ለመጥቀስ ያህል፣ በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሰፊ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ረጅም ሱሪና ረጅም ካልሲ፣ የትንኝ መከላከያ፣ ወረንጦ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ፣ እንዲሁም ተጨማሪ የስልክ ባትሪ ያስፈልጋል።

3. ምግብና ቡና

ወጡን ቤት ሠርተው፣ አቀዝቅዘው፣ በጠፍጣፋ ዕቃ ከአንድ ቀን በፊት በፍሪዘር ያስቀምጡት። ድንጋይ ሆኖ የረጋው ወጥ በማቀዝቀዣው ሳጥን ውስጥ እንደ በረዶ ያገለግላል፤ በማግሥቱ እየቀለጠ ለምሳ ይደርሳል። ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መቆየት ስላለባቸው መጠጡን በሌላ ሳጥን ይያዙ፤ ልጆች ለስላሳ ፍለጋ በየደቂቃው የሚከፍቱት ሳጥን ቅዝቃዜውን አይጠብቅምና። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለዚህ ጉዞ አይሆኑም፤ ጥብሱን አብስለው ይብሉ። እንጀራ በረዶ ላይ ከተቀመጠ ይርሳል፤ ሞቃት መኪና ውስጥ ከተተወ ደግሞ ይሻግታል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በላስቲክ ከተው፣ ጥላ ውስጥ ያኑሩት፤ ከሁለት ቀን በላይ የሚሆን አይያዙ። ለፍልሰታ ጾም ሰሞን፣ ማለትም ከኦገስት 7 ጀምሮ ለሚወጣ ሰው ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ነገሩን እጅግ ያቀልለታል።

ቡናውን በተመለከተ፣ ጀበናውን በጋቢ ጠቅልለው ከድንኳኑና ከፍራሹ መካከል ያድርጉት እንጂ ከድስቶች ጋር አያስቀምጡት። በፕሮፔን ምድጃ ላይ ሲያፈሉ ነፋሱ ነበልባሉን ወደ አንድ ጎን ስለሚገፋው ጀበናው በአንድ ወገን ብቻ ይግላል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። የብረት ጋሻ ያለው ምድጃ መግዛት፣ ያ ከሌለም ምድጃውን ከመኪናው ጥግ አስጠግቶ ማስቀመጥ ይበጃል። ቡናውን እዚያው መቁላት ግን አይተዉ። ከሐይቁ በላይ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሣሩ ላይ ጤዛው ሳይረግፍ የተቆላ ቡና ሽታ ልጆችን ያለ ጥሪ ከመኝታቸው ያስነሣል።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት የምግብ ሳጥኖቹን፣ ቆሻሻውን፣ የጥርስ ሳሙናውን ሳይቀር መኪና ውስጥ ይቆልፉ። ራኩን የሚባለው እንስሳ የማቀዝቀዣ ሳጥን ክዳን መክፈት ያውቃል።

4. ድንኳኑን መትከል

መግቢያው ከቀኑ 4 ሰዓት ነው። ደርሰው መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ድንኳኑን መትከል እንጂ ምግብ ማቅረብ መሆን የለበትም። መሬቱን በእጅዎ ዳብሰው ጠጠሩን ይልቀሙ። ጥቂት ሣር በጥሰው ወደ ላይ ይበትኑና ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ፤ የድንኳኑ ጠባብ ጎን ወደ ነፋሱ፣ በሩ ደግሞ ከነፋሱ ተቃራኒ ይሁን። ካስማዎቹን ምሰሶው ከመነሣቱ በፊት ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ይጀምሩ፤ ካስማው ጫፉ ወደ ድንኳኑ፣ ራሱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አርገው ይምቱት። ከጎን የሚወጡትን ገመዶች ሁሉ ይወጥሩ። ዝናብ የለም ብለው ገመዶቹን በከረጢታቸው አይተዉአቸው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በመጀመሪያው ጉዟችን ምሽቱ እጅግ ጸጥ ያለ ስለነበር አራቱን ማዕዘን ብቻ መትተን ተኛን። ከሌሊቱ 2 ሰዓት ገደማ ነፋሱ ድንገት ተነሥቶ የድንኳኑ ግድግዳ የተኛችውን ልጄን ፊት መምታት ጀመረ፤ ባትሪ አብርቼ ስወጣ ሁለቱ ካስማዎች ተነቅለው በገመዳቸው ጫፍ ይወዛወዙ ነበር። ባለቤቴ ምሰሶውን ከውስጥ በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔ በባዶ እግሬ በድንጋይ ካስማ ስመታ ነጋ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ የቱንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን ገመድ ሳልወጥር ተኝቼ አላውቅም።

5. እሳት

እንጨት ከቤት ጭነው አይሂዱ። አሽ የተባለውን ዛፍ የሚጨርሰው አረንጓዴ ጢንዚዛ በሚኒሶታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2009 ሲሆን፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛመተውም በአብዛኛው በማገዶ ነው። በፓርኩ ውስጥ የወደቀ እንጨት መልቀምም ክልክል ነው፤ እዚያው ወይም በአቅራቢያው ከተፈቀደላቸው ሻጮች ይግዙ።

እሳት የሚነደው በብረት ቀለበቱ ውስጥ ብቻ ነው። የደረቀ ሣር በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛልና፣ ነፋሱ ብርቱ በሆነበት ቀን እሳቱን ጨርሶ ይተዉት፤ በምድጃው ይጠቀሙ። ነጠላና ሻሽ የለበሰ ሰው እሳት አጠገብ ሲቀመጥ ጫፉን ሰብስቦ መያዝ አለበት። እሳቱን ሲያጠፉ ውኃ ያፍስሱ፣ በእንጨት ያማስሉ፣ እንደገና ያፍስሱ፤ የእጅዎን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠግተው ሙቀት እስከማይሰማዎት ድረስ ይደጋግሙት።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። የከሰል ምድጃ፣ ፍሙ የቀረ ቢመስልም እንኳ፣ ለሙቀት ብሎ ወደ ድንኳን ወይም ወደ መኪና ማስገባት ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ቡና ያፈላችሁበት ምድጃ ውጭ ይደር። የፕሮፔን ምድጃም እንደዚሁ።

6. ነጎድጓድና ማዕበል

በሜዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰውና ድንኳን ነው። የብረት ወይም የፋይበር ምሰሶ ያለው ድንኳን ከመብረቅ ምንም አያስጥልም፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለልም አደገኛ ነው። ነጎድጓድ እንደተሰማ ከውኃው ወጥተው፣ ከኮረብታው ወርደው፣ ጣሪያው ብረት በሆነ መኪና ውስጥ መስኮቱን ዘግተው ይቀመጡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ። ልጆቹ ቢሰለቹም ይጠብቁ።

የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ የሚነገረው በካውንቲ ስም ነው። ግሌሻል ሌክስ የሚገኘው በፖፕ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ይህን ስም ወረቀት ላይ ጽፈው መኪናው ውስጥ ይለጥፉ፤ በሌሊት በሬዲዮ አሥር የካውንቲ ስም ሲጠራ የራስዎን ካላወቁ ማስጠንቀቂያው አይጠቅምዎትም። የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ መኪናም አያድንም። ስለዚህ ሲገቡ የፓርኩን ሠራተኛ "ማዕበል ቢመጣ መጠለያው የት ነው?" ብለው ይጠይቁ፤ ከመጨለሙ በፊትም ከልጆቹ ጋር እስከዚያ በእግር ሄደው መንገዱን ይዩት።

7. መዥገርና ቆዳ የሚጎዱ ተክሎች

መዥገር ከግንቦት እስከ ሐምሌ ይበዛል። ሣሩ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚያልፍ ሰው ወይም እንስሳ ይጠብቃል እንጂ አይዘልም። ስለዚህ በመንገዱ መካከል መሄድ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ረጅም ሱሪ መልበስና የሱሪውን ጫፍ በካልሲ ውስጥ መክተት ብዙውን ያስቀራል። ማታ ማታ የልጆቹን ሰውነት በባትሪ ይመርምሩ፤ ከጉልበት በስተጀርባ፣ ብብት፣ እንብርት፣ ከጆሮ ጀርባና የተጎነጎነ ጸጉር ከሆነ በየመስመሩ መካከል። ላይም የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ትንሹ መዥገር ገና ግልገል ሳለ የስናፍጭ ፍሬ ያህል ብቻ ነው።

ተጣብቆ ቢገኝ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ አጥብቀው ይዘው፣ ሳያጣምሙ፣ ቀስ ብለው ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ቅቤ መቀባት፣ ላምባ ማፍሰስ ወይም በክብሪት ማቃጠል ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ቢሆንም አይረዳም፤ ይጎዳል እንጂ። ቀኑን ይመዝግቡ፤ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ምልክት ከታየ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ከተክሎች ሁለቱን ለልጆች ያሳዩ። አንዱ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣው ፖይዝን አይቪ ነው። ሌላው ከወገብ በላይ የሚያድግ፣ ቢጫ አበባው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ዋይልድ ፓርስኒፕ ሲሆን፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል።

8. ሐይቁ

በዋናው ቦታ ነፍስ አድን ጠባቂ እንዳለ አይቁጠሩ። መዋኘት የማይችል ልጅ ውኃ ውስጥ ሲሆን አንድ ትልቅ ሰው ክንዱን ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት መቆም አለበት፤ ያ ሰው ማን እንደሆነም በስም ይነገር፤ ሁላችንም እያየን ነው በተባለበት ቦታ የሚያይ ሰው አይኖርምና። በታንኳ ላይ ለሁሉም ሰው በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት መኖር ይገባዋል፤ በሚኒሶታ ሕግ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ታንኳው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ መልበስ አለበት። ነፋስ ከመሬት ወደ ሐይቁ በሚነፍስበት ጊዜ በአየር የሚነፋ ተንሳፋፊ ለልጅ አይስጡ፤ ሳይታወቅ ወደ መካከል ይወስደዋል። ውኃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ከመሰለና ከሸተተ ማንም አይግባ፤ ውሻም ቢሆን። ከዋና ሲወጡ ወዲያው በፎጣ መድረቅ ከውኃው የሚመጣውን ማሳከክ ይቀንሳል።

ዓሣ ማጥመድ ለሚወዱ መልካም ዜና አለ። የሚኒሶታ ነዋሪዎች እንዲህ ሙሉ በሙሉ በስቴት ፓርክ ውስጥ ባለ ሐይቅ ላይ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይችላሉ። የራሱን ታንኳ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲወጣ የተጣበቀውን ዐረም ማራገፍና ውኃውን ሁሉ ማፍሰስ በሕግ ይገደዳል።

9. ሜዳውን መራመድ

ኮረብታውን ለመውጣት የሚመቸው ከጠዋቱ 9 ሰዓት በፊት ነው፤ ጥላ ስለሌለ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ ይያዙ። በሚያዝያ መጨረሻ ፓስክ የምትባለው ሐምራዊ አበባ ከደረቀው ሣር መካከል ቀድማ ትወጣለች፤ በመስከረም ትልቁ ብሉስተም ሣር ከሰው ቁመት አልፎ ወደ ቀይ ይለወጣል። የዚህ ሣር ሥር ከሁለት ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እሳት ላዩን ቢበላው ከሥሩ የሚያንሠራራው በዚህ ነው። በጸደይ የተቃጠለ ጥቁር ሜዳ ቢያዩ ሠራተኞቹ ሆን ብለው፣ ቁጥቋጦ ሣሩን እንዳይውጠው ያቃጠሉት ነው። አበባ መቅጠፍ አይፈቀድም፤ ልጆች ፎቶ ያንሡ ወይም በወረቀት ይሣሉ።

10. ጸጥታና መውጣት

ከምሽቱ 10 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ይከበራል። ጨዋታችንና ሳቃችን ሜዳ ላይ ርቆ ይሰማል፤ ሙዚቃ ቀድሞ ይጥፋ። መውጫው እኩለ ቀን ነው። ድንኳኑ በጤዛ ረጥቦ ከተጠቀለለ በሁለት ቀን ስለሚሻግት፣ ቤት እንደደረሱ ጋራዥ ውስጥ ዘርግተው ያድርቁት። የለበሳችሁትን ልብስ ደግሞ ከመታጠቡ በፊት በማድረቂያው ከፍተኛ ሙቀት ላይ አሥር ደቂቃ ያዙሩት፤ ተደብቆ የመጣ መዥገር ካለ የሚሞተው በዚህ ነው፤ በውኃው ላይሞት ይችላል።